ከግድግዳ ጋር የምታወራዋ ፍሬሽ

"ዝም በሉ... ዝም በሉ! እየቀረጽኩ ነው..."

የዶርማችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ ሦስት ሴቶች አፋችንን በእጃችን አፍነን ቆመናል።

አዎ... አፋችንን። ከሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ። ይሄን ገጽ የማስተዳድረው እኔ!

ውስጥ የዶርማችን ልጅ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ... ብቻዋን ታወራለች።

ሁላችንም አንደኛ ዓመት ነን። ግቢ ከገባን ሁለት ወር አልሞላንም።

እሷን ግን ግቢው ከሁላችንም በላይ ከብዷት ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሕንጻ ተሳስታ የሌላ ዲፓርትመንት ክፍል ገብታ፣ ለመውጣት አፍራ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የማይመለከታትን ትምህርት ስትጽፍ ቆይታለች። ስትነግረን ራሷም እየሳቀች ነበር።

ያኔ ገና ትስቅ ነበር...

ከዚያ በየቀኑ ከሰዓት አስር ሰዓት ሲሆን መጥፋት ጀመረች። በዚያ ሰዓት ውሃ ስለሚቋረጥ ልብስ ማጠቢያው ባዶ ነው።

"የት ነበርሽ?"

"እዚሁ ነኝ" ትላለች። በቃ።

ተከታተልናት። አገኘናት። ቀረጽናት።

ሃያ ሁለት ሰከንድ ቪዲዮ። የቀረጸችው ጓደኛችን የባቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው... "ከግድግዳ ጋር ፍቅር የያዛት ፍሬሽ 😂"

ሳይመሽ ግቢው በሙሉ አየው።

በማግስቱ አዳራሽ ውስጥ አንዱ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈና "ውዴ፣ ናፍቀኸኛል እኮ!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

መምህሩ... አዎ፣ መምህሩ! ፈገግ ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ቀረ። "ግድግዳ" ሆነች። ካፌ ሰልፍ ላይ "ግድግዳ፣ ጠጋ በይ!" ይሏታል።

አንዷ የዶርማችን ልጅ ደግሞ የዶርሙ ተቆጣጣሪ ፕሮክተሯ ጋ ሄዳ "እትዬ፣ እኔ ከእብድ ጋር አላድርም፣ ዶርም ይቀይሩልኝ" አለች።

ስድስት ሆነን አንድ ክፍል እንተኛለን። አንዳችን... አንዳችን እንኳን "ምን ሆነሻል?" አላልናትም!

ክፍል መግባት ተወች። በአምስተኛው ቀን ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ ሞልታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች።

"እፎይ፣ ተገላገልን" አለች አንዷ።

ሰምቻለሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ላይብረሪ ተቀምጠናል። ባቻችን ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ልጅ አለ። ክፍል ውስጥ ሁሌም ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ያን ቀን እሱም ላይብረሪ ነበር። አጠገቡ ያሉ ልጆች ያቺን ቪዲዮ ከፍተው ይሳሳቃሉ።

ድንገት ቀና አለ።

"ቆይ... ድምፁን ጨምረው።"

"ምን ያደርግልሃል? አንዷ እብድ ናት።"

"ጨምረው አልኩህ!"

ስልኩን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ሰማ። ደገመው።

"እብድ አይደለችም" አለ። "መጽሐፍ እያነበበችልኝ ነው።"



ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የትምህርት መጻሕፍቱ በድምፅ እንዲዘጋጁለት ዲፓርትመንቱን ቢጠይቅ "በሚቀጥለው ሴሚስተር እናያለን" ብለው መለሱት። በሚቀጥለው ሴሚስተር! ፈተናው ግን በዚህኛው ነው።

እሷ የጠፋ መታወቂያዋን ልትጠይቅ እዚያው ቆማ ሰምታለች። ኮሪደር ላይ ተከትላ ደረሰችበት።

"ወንድሜ... እኔ ባነብልህስ?"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እያነበበች በስልኳ ትቀዳና በቴሌግራም ትልክለታለች። ወደ ግድግዳው የምትዞረው የእኛ ጫጫታ እንዳይገባበት ነበር።

ቪዲዮው ላይ ምን እያለች እንደነበር ታውቃላችሁ?

"ገጽ ሰባ ሁለት... እዚህ ጋ ሥዕል አለ፣ ቆይ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ..."

ስንት ጊዜ አየነው! አንዳችንም አልሰማናትም። የራሳችን ሳቅ ሸፍኗት ነበር።

ልጁ ያኔውኑ ደወለላት። "ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ብናገር ሳቁ ወደ አንተ ይዞራል ብዬ ነው" አለችው።

ቪዲዮው ጠፋ። ይቅርታ የጻፈ ግን የለም! የለጠፈችው ልጅ ጭራሽ "ኧረ ቀልድ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ?" አለችን። መምህሩ ትምህርቱን ቀጠለ። ልጁም መጽሐፉን ግማሽ ድረስ ብቻ ሰምቶ የሴሚስተር አጋማሹን ሚድ ፈተና ተፈተነ።

በሳምንቱ አባቷ የቀረ ዕቃዋን ሊወስዱ መጡ።

አናጺ ናቸው። ጥፍራቸው ሥር ሙጫ ደርቋል። ፕሮክተሯ ይዛቸው ገባች። ብርድ ልብሱን ብቻቸውን ማጠፍ ሲያቅታቸው ጫፉን ይዛ ያጠፈችላቸው ማን መሰለቻችሁ?

ቪዲዮውን የለጠፈችው።

"አሞኛል ብቻ ነው ያለችኝ" አሉ። "አትናገርም እኮ እሷ። ለከርሞ ትመለሳለች ብዬ ተስፋ አለኝ።"

ከዚያ ዞረው፣ ጎንበስ እያሉ፣ አምስታችንንም በየተራ ጨበጡን።

"ልጆቼ... በታመመች ጊዜ አጠገቧ ስለነበራችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እህቶች አሏት እያልኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።"



ዕቃዋን ተሸክመው ሲወጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ...

ትምህርቱ፦ ያልገባችሁን ሰው ስታዩ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት "ምን እያደረግሽ ነው?" በሉ። ሦስት ቃል ነው! እኛ ሦስት ቃል ሰስተን የአንድ ሰው ዓመት አቃጠልን። ደግሞ "እኔ ሼር ብቻ ነው ያደረግኩት" የምትሉ... እናንተም በሩ ላይ ቆማችኋል።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ ብትሆኑ እኚያን አባት ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ ምን ትሏቸው ነበር?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... እኔ እስከዛሬ መልስ አላገኘሁም።