በጾም የቀረበልኝ ጥብስ

በዐቢይ ጾም ልጄ ስንዱ ጥብስና እንቁላል አቀረበችልኝ። ከሆስፒታል ስንመለስ «ጨጓራሽ ነው፤ ሐኪሙ ፕሮቲን ታብዛ ብሏል» ብላኛለች። አልበላም ስላት የንስሐ አባቴን መምሬ ጥዑምን ጠራቻቸው። እርጉዝ እንኳ ጾም እንድትገድፍ የማይፈቅዱት መምሬ፣ «ብዪ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ።

ግራ ገባኝ።

«ስንዱዬ፣ ሥጋ ማብዛት ካንሰር ያመጣል ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እኔስ አርጅቻለሁ፤ አንቺ ግን አብረሽኝ እንዳትበዪ። የልጅ ልጆቼም እንዳይነኩት።»

«ኧረ እማዬ፣ እሱ እኮ ላልያዘው ሰው ነው» አለችና አፏን ያዘች።

ሳህኑን ገፋ አድርጌ ወደ መምሬ ዞርኩ።

«አባቴ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

መምሬ መስቀላቸውን እንድሳለም ዘረጉልኝ።