ገዢና ሻጭ

«እህሳ አማቼ፣ መግዛት ይሻላል መሸጥ?» አሉ የሚስቱ አባት፣ ሳሎኑ መሀል በተንጠለጠለው ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጠው እየተወዛወዙ።

ፓራግ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። የምርጫው ድምፅ ቆጠራ ገበያውን ንዶታል። ጠዋት ግን «ገበያው ቢንርም ቢወድቅም የሚክስ ውል መግዛት የፈሪ ነው አባባ፤ እኔ ለፈሪዎቹ ሸጬ ክፍያቸውን እበላለሁ» ብሎ ስቆባቸው ነበር። እሳቸው ገዙ። እሱ ቤቱን አስይዞ ከእሳቸው ተበደረና ያንኑ ውል ሸጠ፤ አሁን ካሳው በእሱ ላይ ወደቀ።

«አባባ፣ ስለ ልጅዎ ሲሉ፣ ቤቱን እንኳ ይተዉልኝ።»

ሽማግሌው ዥዋዥዌውን በእግራቸው ገቱት። በልማዳቸው ሴት ልጁን የዳረ አባት በአማቹ ቤት እህል ውሃ አይቀምስምና፣ በሕንዷ ራጅኮት ከተማ የግንቦት ሐሩር እንኳ ከዚህ ቤት የሚወጡት ጉሮሯቸው እንደ ደረቀ ነበር።

«ልጄ፣ እስቲ ውሃ!» አሉ ወደ ጓዳ።

ልጃቸው ብርጭቆውን ይዛ ብቅ አለች። «አባዬ፣ እዚህ ቤት?»

«በገዛ ቤቴ ብጠጣ ማን ይከለክለኛል?»

ግጥም አድርገው ጠጡ። ባዶውን ብርጭቆ ግን ለእሷ አልመለሱም፤ ለፓራግ ዘረጉለት።

«ድገመኝ።»