ወንበር የሌላት ሞተር

ሀምዱ የሞተሯ ወንበር መንገድ ላይ ተፈትቶ ተሰርቋል ይላል። አብዱሰላም ከፋብሪካ ስትወጣም ወንበር አልነበራትም ይላል። ሁለቱም በአላህ ይምላሉ። ሼህ ዑበይዳ በመካከላቸው ቆመው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ያዳምጣሉ።

«ኮርቻዋን ጅብ የበላባት በቅሎ!» ይላል ሀምዱ፣ ጎማ ሲለጥፍ የጠቆረ እጁን ባዶው ቦታ ላይ እያሳረፈ። «ኸረ አብዱሰላም፣ አምስት ዓመት ኩዌት ኖረህ አሠሪህ፣ ከፊልህ፣ የሸኘህ በዚህች ነው? ላባዋን የተነጨች ዶሮ እኮ ናት!»

«ወላሂ ሙሉ ናት» ይላል አብዱሰላም። «የከፊሌ ልጅም እንዲሁ ቆሞ ነበር የሚነዳት። እኔን ያስተማረኝም እሱ ነው።»

አብዱሰላም የሼሁን ልጅ ሩፋይዳን ሽማግሌ ልኮ ጠይቋል። ሼሁን የሚያስጨንቃቸው ሞተሯ አይደለችም። «ጎደሎ ይዞ ሙሉ ነው የሚል ሰው ነገ ስለ ቤቱም እንዲሁ ይላል» ብለው ሽማግሌዎቹን ለአንድ ሳምንት መልሰዋቸዋል። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ሁላችንንም ከቤታቸው ጀርባ፣ ከእርከኑ ሥር የሰበሰቡን ለዚህ ነው። እኔን የጠሩኝ መካነ ሰላም ውስጥ ስለ ሞተር ኮሌጅ ገብቶ የተማረ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

ያላወቁት ነገር አለ። እኔም ሩፋይዳን እፈልጋለሁ። ሽማግሌ ለመላክ መኸሩ እስኪገባ እየጠበቅሁ ነበር።

ያላወቁት ሌላም አለ። ኮምቦልቻ ስማር መምህራችን ባሳየን መጽሔት ላይ እንዲህ ያለች ሞተር አይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሀምዱ በሱቁ በር ሳልፍ «አንተ የተማርከው፣ ንገረን እንጂ! ወንበር የሌለው ሞተር አለ?» ሲለኝ ትከሻዬን ሰብቄ ዝም አልኩ። መግሪብ ሳይደርስ ከተማው «አህመዲንም ጎደሎ ናት ብሏል» እያለ ነበር። አላስተባበልኩም።

«እስቲ አስነሣት» ይላሉ ሼሁ።

አብዱሰላም ያስነሣታል፤ ቆሞ ይነዳታል። አምና በተፋሰስ ዘመቻ ሁላችንም ወጥተን የካብነው እርከን ፊት ሲደርስ ይቆማል፤ እግሩን ግን መሬት አያስነካም። መሪውን በጥቂቱ ወዲህና ወዲያ እያዞረ በቦታው ሚዛኑን ይጠብቃል። ጉልበቱን አጠፍ፣ ቀና ያደርጋል። የፊት ጎማው ወገብ የሚደርሰውን ካብ ይይዛል፣ የኋላው ይከተላል። ፍየል ናት እንዲህ የምትወጣ። ሁለተኛው ካብ። ሦስተኛው። አንዲት ድንጋይ አልተነቃነቀችም።

ሩፋይዳ ከእህቷ ከኑርጃን ጋር አጥሩ ሥር ቆማለች። የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳለች። እኔ ሞተሯን ትቼ እሷን አያለሁ፤ ሦስተኛው ካብ ላይ ቀጥ እስኪል ድረስ አልተነፈሰችም። ሁለት ዓመት ሙሉ በደጃቸው በሞተሬ ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ ትንፋሿ ተይዞልኝ አያውቅም። ይውደቅ፣ እላለሁ በልቤ። እግሩ ይሰበር አላልኩም። ይውደቅ ብቻ።

አይወድቅም። ወርዶ አጠገባችን ይቆማል፣ ሞተሯን ያጠፋል፣ ያኔ ብቻ እግሩን ያሳርፋል።

«አህመዲን፣ ልጄ» ይላሉ ሼህ ዑበይዳ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ተምረኸዋል። ሙሉ ናት ወይስ ጎደሎ?»

ጎደሎ ለማለት አንድ ቃል ይበቃል። ዝም ማለትም ይበቃል፤ ባለፈው ሳምንት በቅቷል።

«ሙሉ ናት፣ ሼሃችን» እላለሁ። «ወንበር ያልተሠራላት ስለማይቀመጡባት ነው። የውድድር ናት። ውድድሩ ድንጋይና ዳገት ላይ እግር መሬት ሳያስነኩ ማለፍ ነው። የቀደመ አይደለም የሚያሸንፈው፤ እግሩን ያላስነካ ነው።»

«ለመንገድስ?»

«ለመንገድ አትሆንም። የምትይዘው ነዳጅ ሁለት ሊትር ተኩል ቢሆን ነው፤ አቀስታ ሳትደርስ ያልቅባታል። ዕቃም አትጭን፣ ሰውም አታፈናጥጥ።»

«ይህን መቼ አወቅኸው?»

«ኮሌጅ እያለሁ።»

«እንግዲያ ባለፈው ሳምንትም ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ሼሁ ትንሽ ያዩኛል። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። አብዱሰላም እጁን ይዘረጋልኛል፤ እጨብጠዋለሁ። መዳፉ በላብ ርሷል። እሱም ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሀምዱ እጅ አይሰጥም። «እሺ፣ ሙሉ ትሁን! ሙሽራይቱን ታዲያ የት ሊያስቀምጣት ነው? ትከሻው ላይ?»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ይስቃሉ። የእኔ ሞተር ከኋላዬ ቆማለች። ወንበሯ ሰፊ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ።

ሼህ ዑበይዳ ወደ አጥሩ ይዞራሉ። «ሩፋይዳ፣ ሰምተሻል። ልጁ አልዋሸም። በኔ በኩል አልቋል፤ የቀረው ያንቺ ነው።»

ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው። አፏን የምትከፍተው እምቢ ልትል ነው። ሁሉም ዝምታዋን ይጠብቃል፤ አብዱሰላም ዓይኑን ጎማው ላይ ተክሏል።

ሩፋይዳ የሻሿን ጫፍ ከጥርሷ ታላቅቃለች። ልትናገር ነው።

«ወደ ቤቱ በእግሬ እሄዳለሁ» ትላለች። «እሱ እንደሁ ቆሞ መጠበቅ ያውቅበታል።»