በረዶ ያላየው መኪና

ማርላ ባሏ ዱዌን ጋራዥ ገብቶ ያንን መኪና ሲወለውል ባየችው ቁጥር ከንፈሯን ታጣምማለች። መኪናው ኦልድስሞቢል ነው፤ የ2004 ሞዴል፣ የመጨረሻው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ስም አንድም መኪና አልተሠራም።

«ሞቶ ያልተቀበረ» ትለዋለች።

በላንሲንግ ከተማ እንዲህ ያለ መኪና ያላቸው ሽማግሌዎች ማኅበር አላቸው። ሊቀመንበሩ ዱዌን ነው። በረዶ ሲጥል ከተማው መንገዱን በጨው ያለብሰዋል፤ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ስለዚህ ማኅበርተኞቹ በረዶው እስኪያልፍ መኪናቸውን ቆልፈው፣ ብርድ ልብስ አልብሰው ያስቀምጣሉ። ሲገናኙ «የእኔዋ በረዶ አይታ አታውቅም» ይባባላሉ፤ ልጁን ሊድር እንደሚያሞጋግስ አባት። በረዶው አልፎ ፀሐይ ስትወጣ መኪኖቹን በየተራ ሰቅለው ሆዳቸውን በእጅ ባትሪ ያያሉ። ዝገት የተገኘበት ከማኅበሩ የመኪና ትርኢት ይባረራል። ባለቤቱም አፍሮ ይሸጠዋል።

«የሽማግሌ ጨዋታ!» ትላለች ማርላ።

መኪናው የአባቷ ነበር። አባቷ ኤልመር ዕድሜውን ሙሉ መኪናው በሚሠራበት ፋብሪካ በር ሲገጥም ኖሮ ከመጨረሻዎቹ አንዱን ገዛ፤ ብዙ ሳይነዳውም ሞተ። በቀብሩ ዕለት ማርላ የመኪናው ኮፈን ላይ ተደፍታ «እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት አይወጣም!» ብላ አልቅሳለች። ሰው ለቅሶ ላይ ምን የማይለው አለ?

አሁን ልጃቸው ታሚ አሪዞና ወልዳለች። ሕፃኑ መዳህ ጀምሯል፤ ማርላ የምታየው በስልክ ብቻ ነው። ታሚ አጠገቧ ቤት አግኝታላቸዋለች። ፎቅ ላይ ነው፤ ጋራዥ የለውም።

«እንሂዳ!» ትላለች ማርላ።

ዱዌን ፊት ፊቷን እያየ «መኪናውስ?» ይላል።

«መኪናውማ!» ትልና በሩን በላዩ ላይ ታላትመዋለች። ለቆርቆሮ ብሎ የልጅ ልጁን የሚተው ሰው!

በዚህ ዓመት በረዶው እንደጀመረ ማርላ ቆረጠች። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ዱዌን በአሮጌው ፒክአፕ ከማኅበርተኞቹ ጋር የዓሣ ጥብስ ሊበላ ይሄዳል። እሱ ከዓይን እንደራቀ ኦልድስሞቢሉን ታወጣና ጨው በነካው ጭቃ ውስጥ ከተማውን ትዞርበታለች። ተመልሳ ላዩን ትወለውለዋለች። ሆዱን አትነካውም።

«ብላ» ትለዋለች ጨውን። «ጥርግ አድርገህ ብላ።»

ዱዌን ምንም አላስተዋለም። አንድ ሰኞ የጋራዡ ወለል ረጥቦ ስታገኘው ደነገጠች፤ ከዓርቡ የቀረ መስሏት ቶሎ ወለወለችው። ዱዌን ግን በእጁ የያዘውን ባልዲ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ እያፏጨ ወደ ቤት ገባ። ደነዝ ነው አለች በልቧ።

ስንፍናው ደግሞ ሌላ ነው። ጨው በከረጢት በከረጢት እየገዛ ያመጣል፤ የደጁ ደረጃ ግን እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። አንድ ጠዋት አዳልጧት ወገቧ ለጥቂት ተረፈ።

«አንተ ሰውዬ! ያን ሁሉ ጨው ምን አደረግኸው? በላኸው?»

«እረጫለሁ፣ የኔ ቆንጆ። እረጫለሁ» አላት ዓይኑን ሰብሮ።

«ለመኪናህ ሲሆን መሬት ላይ ትንከባለላለህ፤ ለሚስትህ ሲሆን ወገብህን ያምሃል!»

እሱም ጃኬቱን ደርቦ ወደ ጋራዡ ወጣ።

በረዶው ሲቀልጥ የምርመራው ቀን ደረሰ። ማኅበርተኞቹ ቪክ የሚባለው መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ቆባቸውን ደፍተው ተሰበሰቡ። ማርላም ሄደች። እሷ ከዚህ በፊት ሄዳ አታውቅም፤ ዱዌን ግን ለምን መጣሽ አላላትም።

ቪክ መኪናውን ወደ ላይ ሰቀለው፤ ባትሪውን አበራ። ከዚያ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ዝገቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ረገፈ።

«ኧረ በጌታ!» አለ ቪክ። «ዱዌን፣ ይሄ በረዶ ያየ አይደለም። ባሕር ጠልቆ የወጣ ነው!»

ማርላ ራሷ ደነገጠች። በዓርብ ዓርቡ ጉዞ ብቻ ይሄ ሁሉ? ከጠበቀችው በላይ ነው። አንዱ ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ጉንጯን ከውስጥ ነከሰች።

«በቃ ሽጠው ወንድሜ» አለ ቪክ ቀስ ብሎ። «ለትርኢት አይቀርብም።»

ዱዌን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ወጣ። ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አቀረቀረ። ማርላ ተከተለችው። የምትለውን በረዶው እስኪያልፍ ስታሰናዳው ከርማለች፦ አለቀ፣ አሁን ሰበብ የለህም፣ ዕቃህን ሸክፍ። ከፊቱ ቆማ አፏን ከፈተች።

እሱ ቀደማት። «ይቅር በይኝ፣ ማርሊዬ» አለ ቀና ሳይል። «የአባትሽን መኪና ሆን ብዬ በጨው ነው የገደልኩት፤ አንቺን ከእሱ ነጥዬ ልጃችን ጋ የምወስድበት ሌላ መንገድ አጣሁ።»