ከነጎድጓዱ በኋላ ግማሽ ሰዓት

የሺመቤትን የበደላት ዳኘው ነው፤ ባለ ጀልባው ዳኘው። ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው ማረፊያ ባለ ሞተር ጀልባ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ይህንንም አሳምሮ ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው በሚያዝያ ነው። ልጇ ክንዱና የዳኘው ልጅ ጌትነት አብረው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ዳኘው ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ ክንዱ ደመና የማይፈራ ቀውስ ነው፣ ልጄን ያስፈጅብኛል አለና ጌትነትን ማክሰኝት አጎቱ ዘንድ ሰደደው። የሺመቤት ቂሟን ያዘች። ልጇ በሰው ፊት ሲዋረድ ሰምታ የምትረሳ እናት ጆሮዋን ለማን አበደረችው ትላለች።

በሰኔ አንድ ቀን፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከባሕሩ ማዶ ደመናው እንደ ተራራ ተቆለለ። ክንዱ ጠዋት በደንገል ታንኳ እንደ ወጣ አልተመለሰም። የሺመቤት እየሮጠች ወደ ማረፊያው ወረደች።

ዳኘው ጀልባውን ያስር ነበር።

«ልጄን አምጣልኝ» አለችው። ከሚያዝያ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ብቻውን ነው የወጣ?»

«ብቻውን እንጂ ከማን ጋር ሊወጣ ኖሯል? ጓደኛውን አንተ አርቀህበት።»

ዳኘው ሰማዩን አየና አሁን አልወጣም አለ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ካልሞላ ጀልባ አያስነሣም። ደግሞ የጀልባ ነጂዎች ሥልጠና ላይ የሰማውን ይደረድርላት ጀመር። ደመናው ሆድ ውስጥ በረዶና ጠብታ ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ መውረጃ ይፈልጋል፤ ባሕር ላይ ደግሞ ከሰው ራስ የሚበልጥ ከፍታ የለም። የሺመቤት ሦስት ቀን ሥልጠና ተቀምጦ ለሰማይ ቃል አቀባይ የሆነ ሰው ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

የዳኘው ስልክ ጮኸ።

«መቼ ተሳፈረ?» አለ ዳኘው። ጥቂት ሰማ። «ትናንት?» አለና ዘጋው።

ልጇ ውሃ ላይ ሆኖ ይሄ ስለ ተሳፋሪ ያወራል። ዳኘው የሞተሩን ቁልፍ እንደ ጨበጠ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ለባሏ እንኳ አንገቷን ያልደፋች ሴት እግሩ ላይ ወደቀች። «አንድ ነው የወለድሁ። ቂምህን ለእኔ አድርገው፤ እሱን አምጣልኝ።»

«ይቆዩ፣ እትዬ የሺመቤት» አላት። ዓይኑን ከውሃው አላነሣም።

ምሥጋና የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከወንድሙ ጋር መጥቶ ቁልፉን ስጠን፣ እኛ እንሄዳለን አለ። ፈሪ አሉት። አዎ ፈሪ ነኝ አለ፤ ቁልፉን ግን አልሰጠም። ብልጭ ሲል ይቆጥራል፣ ሲያጉረመርም ያቆማል፣ እንደገና ይቆጥራል።

ዝናቡ አለፈ። ማረፊያው ላይ ፀሐይ ወጣች። ሃያ ደቂቃ ምንም ድምፅ ሳይሰማ ቆየ። ምሥጋና የዳኘውን እጅ ያዘ፤ ጠራ እኮ፣ ምን ትጠብቃለህ አለው።

«ዐሥር ይቀራል።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ፣ ከበላያቸው አንዲት ደመና ሳትኖር፣ መብረቅ ከፊታቸው ካለው ውሃ ላይ ወረደ። ሁሉም መሬት ላይ ተደፉ። ሲነሡ ፈሪ የሚል አልነበረም።

ዳኘው ሰዓቱን አየ። ግማሹ ሰዓት እንደገና ከመጀመሪያው ሊቆጠር ነው። የሺመቤት ይህ ሲገባት ደረቷን ደቃች።

«አንተም እንደ እኔ ልጅህን ጠብቀህ እየው» አለችው።

ዳኘው እንደገና መቁጠር ጀመረ።

ሰዓቱ ሲሞላ ማንንም አላሳፍርም ብሎ ብቻውን ወጣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ክንዱን ይዞ መጣ። በሕይወት አለ፤ ግን ጆሮው ደምቷል፣ አይሰማም፣ አይናገርም። ዳኘው ተሸክሞ እናቱ እቅፍ ውስጥ አኖረውና ጀልባውን መልሶ አዞረ። ከማዶ እንደገና እያጉረመረመ ነበር።

ወዴት ነው አለው ምሥጋና።

«መረቡ ቀርቷል» አለ ዳኘው፤ ሄደም።

ማታውን እንኳን እግዜር አተረፈልሽ ሊሏት ለመጡት ሁሉ የሺመቤት ይህንኑ ነገረቻቸው። ለሰው ልጅ ሲሆን ሰዓት ይቆጥራል፤ ለመረብ ሲሆን ነጎድጓዱም አይሰማው አለች። ሴቶቹም እውነትሽን ነው አሏት።

ሲነጋ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። የሺመቤት ለልጇ አጥሚት ታቀርብ ነበርና ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። ክንዱ ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩን እንደ ምንም አላቀቀ።

«እማ፣ ጌትነትንስ አገኙት?»

የሺመቤት ሳህኑን አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ሄዳም ከዳኘው ደጅ፣ ከእሱ አጠገብ አፈሩ ላይ ተቀመጠች።