ለላም የሚሆን መወጣጫ

"ጻፍ እንጂ! 'ላም' ብለህ ጻፍ!"

እትዬ ጎላፕጃን ናቸው። ጣታቸውን እኔ ላይ ቀስረዋል።

እኔ የመንደራችን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ደቡብ ባንግላዴሽ፣ ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት ጥግ።

እስክሪብቶዬ አየር ላይ ቀረ...

ሊቀመንበሩን አየሁት። ሞሻረፍ ግንባሩን ያሻል።

የዕለቱ አጀንዳ ላም አልነበረማ!

ለአየር ንብረት ለውጥ መቋቋሚያ በጀት መጥቶልናል። ምክር ቤቱም አስቀድሞ ወስኗል... አዳዲስ ድምፅ ማጉያ ይገዛል። ነዋሪው የተጠራው እንዲያጨበጭብ ብቻ ነው።

ለምን ድምፅ ማጉያ?

ባለፈው አውሎ ነፋስ መጠለያው ግማሹ ባዶ ነበር። አሥራ አንድ ሰው እቤቱ እንዳለ ውሃ ወሰደው።

"ማስጠንቀቂያውን ስላልሰሙ ነው" አለ ሞሻረፍ።

"ማነው ያልሰማው?" እትዬ ጎላፕጃን ብድግ አሉ። "እኔ ሰምቻለሁ። ባሌ ሰምቷል። እንኳን እኛ ወንዙ ውስጥ ያለው ዓሣ ሰምቷል!"

ሳቅ።

"ታዲያ ባልዎ ለምን አልመጡም?"

"ላሚቱን ይዞ ነዋ! መጠለያችሁ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ቤት ነው። ሠላሳ ሁለት ደረጃ! ላም ደረጃ ትወጣለች? ... ገመዷን እንደጨበጠ ነው ያገኘነው።"

ሳቁ ቆመ።

"ደረጃ የሌለው፣ ላም የምትራመድበት ሰፊ መወጣጫ ሥሩልን። ጩኸቱ ይበቃናል።"

ቶፋዘል የሚባል የምክር ቤት አባል አለ። ዝምታ አይችልም።

"እትዬ፣ ቀጥሎ ለዶሮዎቹም ፍራሽ ይዘዙን!"

"ዶሮ በቅርጫት ትገባለች። ፍራሽ የሚያስፈልግህስ አንተ ነህ! ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ወንበር ላይ እያንኮራፋህ አንገትህ ሊቀጭ ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ውሳኔው ግን አልተነቃነቀም። "በጀቱ ለሰው ነው፣ ለከብት አይደለም" ብሎ ሞሻረፍ ስብሰባውን ዘጋው።

ምሳ እኔና ሞሻረፍ እናቱ ቤት በላን። ሩዝና ዓሣ።

ሞሻረፍ እንደ ቀልድ አወራላቸው። "እማዬ፣ ዛሬ ምን ተጠየቅን መሰለሽ? ለላም መንገድ!"

እናቱ አልሳቁም።

"ካጆሊን ትቼማ እኔም አልሄድም" አሉ። ካጆሊ ላማቸው ናት።

"እንዴ! ባለፈው መጠለያ ገብቻለሁ ብለሽኝ የለ እንዴ?"

ያኔ እሱ ኩልና ከተማ ነበር የሚሠራው። በስልክ ነው የነገሩት።

ሩዝ ጨመሩለት።

"እንዳትጨነቅ ብዬ ነዋ ልጄ። ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር።" ደረታቸውን ነኩ። "እኔና እሷ ተቃቅፈን ቆየን።"

የሞሻረፍ እጅ ሩዙ ውስጥ ቀረ።

እናቱን ሊያጣ ነበር። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ጥርት አድርገው ሰምተውታል።

በማግሥቱ ምክር ቤቱን ሰብስቦ ውሳኔውን አሰረዘ።

ከዚያ ቤት ለቤት ሄድን። ባለፈው መጠለያ ያልመጡትን "ለምን ቀራችሁ?" ብለን ጠየቅን። ያን ያህል ዓመት ጠይቀናቸው አናውቅም ነበር!

መልሱ ተመሳሳይ ነው። ላሜ... ጥጃዬ... ፍየሌ...

አንዲት ነፍሰ ጡር ብቻ "ለሴት የሚዘጋ ክፍል የለውም፣ እንዴት ልምጣ?" አለችን።

እሱም ተጻፈ። እሱም ተሠራ።

መወጣጫውን ሲያስገነቡ እትዬ ጎላፕጃን ግንበኛውን መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት። "አታለስልሰው! በዝናብ ላም ልታንሸራትት ነው? ሻከር አድርገው! አስፋው!"

ሁለት ዓመት አለፈ።

ኅዳር ላይ፣ ረፋዱ ላይ፣ ሰማዩ ጠቆረ። የመጨረሻው ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለፈፈ።

ሞሻረፍ መወጣጫው አናት ላይ ቆመ። እኔ የነዋሪውን ዝርዝር ይዣለሁ።

መጡ...

ሰው ብቻ መሰላችሁ? የመንደሩ ላም በሙሉ! ፍየሉ፣ ጥጃው፣ ቅርጫት ውስጥ የሚንጫጫው ዶሮ። ቶፋዘል ራሱ ሦስት ፍየል እየጎተተ፣ ፍየሎቹ ደግሞ እሱን እየጎተቱት።

የሞሻረፍ እናት ካጆሊን እየሳቡ ደረሱ።

"ያዝልኝ እስቲ፣ ደከመኝ" ብለው ገመዱን ለልጃቸው ሰጡት።

ሊቀመንበራችን ላም ይዞ አለቀሰ።

በመጨረሻ እትዬ ጎላፕጃን መጡ። ብቻቸውን። ብብታቸው ሥር በላስቲክ የተቋጠረ፣ እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ ሩዝ ይዘዋል።

ሞሻረፍ ደነገጠ። "እትዬ! ላምዎስ? ፈጥኜ ሰው ልላክ?"

"የምን ላም?"

"የእርስዎ ላም ነዋ!"

"ያቺማ ከባሌ ጋር ሄደች። ከዚያ ወዲህ ላም ኖሮኝ አያውቅም።"

...

"ታዲያ ያን ሁሉ የታገሉት ለማን ነው?"

ወደ ውስጥ በአገጫቸው አመለከቱት። እናቱ ካጆሊን በጨርቅ እያደረቁ ነበር።

ሞሻረፍ በምስጋና ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ነካ።

"ተነስ አንተ ደግሞ! ነፋሱ መጣ፣ ግባ።"

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የቀረ ሰው የለም።

በሩ ተዘጋ።

።።።

ወዳጆቼ... ምክር ቤት በጀት አለው፣ መሐንዲስ አለው። ሰው አደጋ እያየ ለምን ከቤቱ እንደማይወጣ የሚያውቀው ግን ነዋሪው ነው። ሳይጠይቁት የወሰኑለት ነገር ቢያምርም ባዶውን ይቆማል።

እትዬ ጎላፕጃን፣ ዕድሜ ይስጥልን። አንድ መንደር ሙሉ ያመሰግንዎታል።

እስቲ እናንተስ... በሰፈራችሁ ጎርፍ ወይም ድርቅ ሲመጣ ባለሥልጣኖቹ የማያውቁት፣ እናንተ ብቻ የምታውቁት ነገር ምንድነው?

ኮሜንት ላይ እንነጋገር 👇