ስህተት የሚያርመው ሪሲቨር

ልጆቼ፣ የጎረቤታችን የእማማ ውብነሽ ልጅ በረኛ ነው። ሲጫወት ሊያዩት ይጓጓሉ፤ ደመና በመጣ ቁጥር ግን ቴሌቪዥናቸው ይቆራረጣል። ሠሪ አስጠሩ፤ እሱም ሪሲቨሩን ከፈተው።

"እማማ፣ ስህተት የሚያርምበትን ክፍል አጠንክሬዋለሁ። ከሰማይ ተበላሽቶ የመጣውን ራሱ አስተካክሎ ያሳይዎታል" አላቸው።

እውነትም አስተካከለ። አገር ሁሉ የልጁ ቡድን አራት ለዜሮ ሲሸነፍ ባየበት ቀን፣ እማማ ቤት ልጃቸው አራቱንም ኳስ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ጨዋታ የሚያየው እሳቸው ዘንድ ሆነ።

አንድ እሑድ ልጁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ገባና ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ።

"እማዬ፣ ከቡድኑ አባረሩኝ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

እማማ በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

"ዘወር በልልኝ አባቴ፣ ልጄን ከለልከው። ፍጹም ቅጣት ምት ሊያድን ነው።"